የመንገድ ልኬት ከእግረኛው ሲጀምር

ሦስት ሜትር ስፋት ያለው አንድ የመንገድ መስመር በሰዓት ስንት ሰው ያሳልፋል? ለግል መኪና ከተሰጠ ከ600 እስከ 1,600 ሰው። መኪናና አውቶቡስ ተቀላቅለው ከሄዱበት ከ1,000 እስከ 2,800። ለአውቶቡስ ብቻ ከተለየ ከ4,000 እስከ 8,000። በመከለያ ተለይቶ ወዲያና ወዲህ ለሚሄድ ብስክሌት ከተሰጠ ከ6,500 እስከ 7,500። ለእግረኛ ከተነጠፈ ደግሞ ከ8,000 እስከ 9,000 ሰው ያሳልፋል። እነዚህን ቁጥሮች በሥዕል ጎን ለጎን ያስቀመጠው መጽሐፍ «ግሎባል ስትሪት ዲዛይን ጋይድ» ይባላል። በ2016 እ.ኤ.አ. ያሳተመው አይላንድ ፕሬስ ነው፤ ያዘጋጁት ናክቶ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የአሜሪካ ከተሞች የትራንስፖርት ኃላፊዎች ማኅበርና ግሎባል ዲዛይኒንግ ሲቲስ ኢኒሺየቲቭ ናቸው። በዝግጅቱ ከ42 አገሮችና ከ72 ከተሞች የተውጣጡ ባለሙያዎች ተሳትፈውበታል። በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል፤ የከተማ መንገድ የሚነድፍ፣ የሚያጸድቅ ወይም የሚያስገነባ ሰው ሁሉ ሊያነበው ይገባል ብዬ አምናለሁ። የማቀርበው ቅሬታም ከዚሁ እምነት የሚነሣ ነው።

ለእኛ መጽሐፉ ከሩቅ የመጣ እንግዳ አይደለም። የብሉምበርግ በጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 በጀመረው የመንገድ ደኅንነት መርሐ ግብር ከተመረጡት አሥር ከተሞች አንዷ አዲስ አበባ ነበረች፤ አክራ፣ ቦጎታ፣ ሙምባይና ሳኦ ፓውሎም አብረዋት ነበሩ። በዚያ ትብብር ዘመን እንደ ለገሃር ባሉ መጋጠሚያዎች መጽሐፉ የሚመክረው ዘዴ ተሞክሯል። አስፋልቱ ላይ ቀለም ተቀብቶ፣ ጊዜያዊ መከለያ ተደርድሮ፣ ለመኪና መዞሪያ ተብሎ የተንጣለለው ቦታ ለእግረኛ ተመለሰ። ስለዚህ መጽሐፉን የምንመዝነው በራሳችን መንገድ ላይ ካየነው ጋር እያስተያየን ነው።

ዋናው ቁም ነገሩ ያለው ብዙ አንባቢ ሊዘለው በሚችለው ክፍል ነው፤ የንድፍ መነሻ ልኬቶች በሚተነተኑበት ምዕራፍ። የመንገድ መሐንዲስ በተለመደው አሠራር ሥራውን የሚጀምረው ከመሃል ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ በጣም በተጨናነቀችው ሰዓት ስንት መኪና ያልፋል ብሎ ይገምታል፤ ለዚያ ቁጥር የሚበቃ መስመር ያሰምራል፤ ለእያንዳንዱ መስመር ሰፊ ልኬት ይሰጣል፤ ከዚያ በግራና በቀኝ የተረፈው ለእግረኛ ይሆናል። የሚተርፍ ከሌለ እግረኛው ምንም አያገኝም። መጽሐፉ ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል። መጀመሪያ በዚህ መንገድ ላይ እነማን ይንቀሳቀሳሉ፣ ተሽከርካሪውስ በምን ፍጥነት ቢሄድ ማንም አይሞትም ብሎ ይጠይቃል፤ ልኬቱም ከመልሱ ይመነጫል።

የፍጥነቱን ነገር ዘርዘር ላድርገው፤ የቀረው ሁሉ የተንጠለጠለው በእርሱ ላይ ነውና። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ30 ከሚሄደው ጋር ሲነጻጸር የሚገጭበት ጉልበት ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ጉልበቱ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነውና። ለሾፌሩ ልዩነቱ በጉዞው ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ለተገጨው ሰው ግን የመሞትና የመትረፍ ጉዳይ ነው። በአውራ ጎዳና ምህንድስና የተለመደው አካሄድ ሾፌሮች በተግባር የሚነዱበትን ፍጥነት ለክቶ መንገዱን ለዚያ ማመቻቸት ነበር። መጽሐፉ ይህን አይቀበልም። የሚፈለገው ፍጥነት አስቀድሞ ይወሰን፣ መንገዱም ሾፌሩ ከዚያ በላይ መንዳት የማይመቸው ሆኖ ይሠራ ይላል። መስመሩ 3 ሜትር ይሁን፤ አውቶቡስ ለሚበዛበት 3.3 ይበቃል። ሰፊ መስመር ሾፌሩን «ንዳ» ይለዋል፤ ዳር ላይ የተተከለ የፍጥነት ገደብ ምልክት ይህን ግብዣ አይሽረውም።

የመታጠፊያ ማዕዘንን ጉዳይ የያዘበት መንገድ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ነው። ነዳፊው አንድ መጋጠሚያ ሲነድፍ በዚያ የሚታጠፈውን ትልቁን ተሽከርካሪ ያስባል። በሳምንት አንድ ቀን ብቅ የሚል ተሳቢ መኪና ያለ ችግር እንዲታጠፍ ማዕዘኑን በሰፊው ያጎብጠዋል። ውጤቱ ምንድን ነው? ተሳቢው በሳምንት አንዴ ይመቸዋል፤ በቀሩት ቀናት ሁሉ ግን ትንንሾቹ መኪኖች ፍሬን ሳይነኩ ይታጠፋሉ። ማቋረጫው ይረዝማል፤ እግረኛው መሃል ላይ የሚቆይበት ጊዜ ይጨምራል፤ ሾፌሩም ዞር ብሎ አያየውም። መጽሐፉ መፍትሔ የሚያደርገው ማዕዘኑን በየቀኑ ለሚያልፈው ተሽከርካሪ ልክ ማጥበብ፣ ከስንት አንዴ የሚመጣው ትልቅ መኪናም ቀስ ብሎ የመጋጠሚያውን ስፋት በሙሉ ተጠቅሞ እንዲታጠፍ መፍቀድ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ከርብስቶንና አንድ የተስተካከለ ሥዕል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ ይዞ የተሻገረ ሰው የሰፊ ማዕዘንን ፍርሃት ያውቀዋል፤ ምክንያቱ ግን እንዲህ ተብራርቶ ሲቀርብለት ብዙ ጊዜ አያይም።

ስለ ማቋረጫ የሚለውም እንዲሁ ጠንካራ ነው። የእግረኛ ማቋረጫ በከተማ ውስጥ በየ80 እስከ 100 ሜትር ሊኖር ይገባል። ሰው ወደ ማቋረጫው ለመድረስ ከሦስት ደቂቃ በላይ መሄድ ካለበት ባለበት ቦታ መሻገርን ይመርጣል። መጽሐፉ ይህን እንደ ሥርዓት አልበኝነት አይቆጥረውም፤ ነዳፊው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ የሰው ባሕርይ አድርጎ ይወስደዋል። ከዚህ ተነሥቶም የእግረኛ ድልድይን አይደግፍም፤ ሰው በመሬት ላይ፣ መኪናው እየቆመለት ይሻገር የሚል አቋም አለው። የቀለበት መንገዱን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ሰፈር ከሰፈር የሚለየው የመሃል ግንብና በረጅም ርቀት የተተከሉት ደረጃ ያላቸው ድልድዮች እግረኛው ላይ የጫኑት ሸክም ቀላል አይደለም። ጉልበቷን የሚያማት እናት፣ በክራንች የሚሄድ ወጣት፣ ጆንያ የተሸከመ ሠራተኛ ያንን ሁሉ ደረጃ ወጥተው መውረድ አለባቸው፤ መኪናው ግን ፍጥነቱን እንኳ አይቀንስም። ግንቡን ዘሎ የሚሻገረውን ሰው ለዓመታት ስንወቅስ ኖረናል። መጽሐፉ ወቀሳውን ከእግረኛው አንሥቶ ወደ ንድፉ ይወስደዋል፤ ልክም ነው።

እስከዚህ ድረስ ከመጽሐፉ ጋር ነኝ። የምለያይበት ቦታ ቀጥሎ ይመጣል።

መጽሐፉ አንድ ዓይነት አንባቢ ታስቦ ነው የተጻፈው። ያ አንባቢ ሕዝቧ በመኪና ውስጥ የተቀመጠ፣ ጎዳናዋ ከሰው ባዶ የሆነ ከተማ ኃላፊ ነው። «በፊትና በኋላ» ተብለው ጎን ለጎን የቀረቡት ሥዕሎች ይህንኑ ይናገራሉ፤ በፊት መኪና የሞላበት ሰፊ አስፋልት፣ በኋላ ዛፍ፣ ወንበር፣ ብስክሌትና ሰው። በምሳሌነት የሚጠቀሱት ከተሞችም ከመኪና ጋር ታግለው ጎዳናቸውን ያስመለሱ ናቸው። ኮፐንሃገን ስትሮየት የተባለውን ጎዳናዋን በ1962 እ.ኤ.አ. ለእግረኛ ሰጠች። ሴኡል በመሃሏ ያለፈውን ከፍ ያለ ፈጣን መንገድ አፍርሳ በ2005 እ.ኤ.አ. የቾንግየቾንን ወንዝ ለሕዝቡ ከፈተች። ቦነስ አይረስ «ጁላይ 9» በተባለው ጎዳናዋ ላይ በ2013 እ.ኤ.አ. የመሃሉን መስመሮች ለአውቶቡስ አደረገች። ሁሉም የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ የመጽሐፉ ቋንቋም ከእነርሱ የተቀዳ በመሆኑ ሰዎች እንዲራመዱ ማበረታታት፣ መጋበዝ፣ መሳብ በሚሉ ሐሳቦች የተሞላ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ እንዲራመድ መጋበዝ ያለበት ሰው ስንት ነው? በከተማዋ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር ነው። የእኛ «በፊት» ሥዕል ገና ከመነሻው በሰው የተሞላ ነው። ሰዉ የሚራመደው ጤናዬን ልጠብቅ ብሎ ሳይሆን የታክሲ ሂሳብ ስለማይበቃው፣ ሰልፉ ስለሚረዝምበት፣ ሌላ አማራጭ ስለሌለው ነው። በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት የከተማዋ ነዋሪዎች አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸው ደግሞ የታወቀ ነው። ለዚህ ሰው መቅደም ያለበት በሕይወት መድረስ ነው፤ ከዚያ ደረቅ፣ ሰፊና መብራት ያለው መሄጃ። ዛፍና ወንበሩን እወዳለሁ፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይለያል። እግረኛው አስቀድሞ ባለበት ከተማ ንድፍ የመብት ጥያቄ ነው፤ መጽሐፉ ይህን ጥያቄ በየምዕራፉ ይነካካዋል እንጂ ዋና አምድ አያደርገውም።

ከዚህ የሚመነጭ ሌላም ጉድለት አለ። መንገዱን ስለመለካት የሚናገረው ምዕራፍ ከመኪና ብዛት ይልቅ ሰው ይቆጠር፣ የአደጋ፣ የጤናና የንግድ ለውጥ ይመዝገብ ይላል፤ መልካም ምክር ነው። ችግሩ እግረኛ መቁጠር ልማድ ባልሆነበት አገር ምክሩ ከየት እንደሚጀመር በቂ አለማሳየቱ ነው። በየመንገዱ የሚያልፈው እግረኛ ካልተቆጠረ በጀት ሲያዝ አይታይም። በቀላል ዘዴ፣ በወረቀትና በእርሳስ፣ በተማሪዎች ጉልበት እንዴት እንደሚቆጠር ሁለት ገጽ ቢጨምር ለብዙ የአፍሪካ ከተሞች ከሃያ ፎቶግራፍ የበለጠ ይጠቅም ነበር።

መጽሐፉ ድሃ ሰፈሮችን አልረሳም፤ ይህን መካድ ግፍ ይሆናል። የናይሮቢው ኮሮጎቾ፣ የኬፕታውኑ ካየሊቻና የሜደሊኑ ካዬ 107 ታሪክ ተካቷል። የመንገድ ላይ ነጋዴዎችንም ከእግረኛ፣ ከብስክሌተኛ፣ ከአውቶቡስ ተሳፋሪ፣ ከመኪና ነጂና ከጭነት አመላላሽ እኩል ራሱን የቻለ የመንገድ ተጠቃሚ አድርጎ ቆጥሯቸዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጉሊት የዘረጋችው ሴት በእኛ ከተሞች የምትታወቀው መንገድ እንደምትዘጋ ደንብ ተላላፊ ነው፤ መጽሐፉ ግን ለእርሷም ቦታ ተለክቶ ይሰጥ፣ ከፊቷም ቢያንስ 1.8 ሜትር ነፃ መሄጃ ይቅር ይላል። 1.8 ሜትር ማለት ሁለት ተሽከርካሪ ወንበሮች ሳይነካኩ የሚተላለፉበት ስፋት ነው። ሴትየዋ በደንብ አስከባሪ ከመባረር፣ እግረኛውም አስፋልት ላይ ከመውረድ የሚድኑበት ስሌት በእጃችን አለ ማለት ነው፤ የጎደለው ነዳፊው ገና ወረቀት ላይ እያለ ለእርሷ ቦታ መስጠቱ ነው።

የድሃ ሰፈሩ መንገድ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ገጽ አገኘ እንጂ ጥልቀት አላገኘም። አብዛኛው ሥዕል የሚታሰበው ወሰኑ በታወቀ፣ የውሃ መውረጃው ከመሬት በታች በተቀበረ መንገድ ላይ ነው። የእኛ የእግረኛ መንገድ ብዙ ቦታ የፍሳሽ ቦይ ክዳን ነው። ንጣፉ ሲሰበር እግረኛው ጉድጓድ ይገጥመዋል፤ የማንሆሉ ክዳን ሲሰረቅ ማታ የሚሄድ ሰው እግሩን ይሰበራል። በክረምት ደግሞ ቦዩ በደለልና በፕላስቲክ ሲዘጋ ጎርፉ መንገዱ ላይ ይወጣል፤ እግረኛውም ወደ መኪናው መስመር ይገባል። መጽሐፉ ስለ ዝናብ ውሃ ያለው ምዕራፍ በአትክልት መደብና ውሃ በሚያሰርግ ንጣፍ ላይ ያተኩራል፤ ያማረ ነው፣ ግን ክፍት ቦይ ላላት ከተማ የመጀመሪያው እርምጃ ይህ አይደለም። መሠረተ ልማት ዘርጊዎች ተቀናጅተው ይሥሩ የሚለው ምክሩ ግን ለእኛ የተጻፈ ያህል ነው፤ አዲስ የተነጠፈ መንገድ በወራት ውስጥ ለቧንቧ ወይም ለገመድ ሲቆፈር ያላየ የከተማ ሰው የለም። ሲቆፈር መጀመሪያ የሚበላሸው የእግረኛው ክፍል ነው፤ መጨረሻ የሚጠገነውም እርሱው።

ብስክሌትን በተመለከተ የኔዘርላንዱ የክሮው መመሪያ የብስክሌት መንገድ መያያዝ፣ ቀጥተኛ መሆን፣ ከአደጋ መጠበቅ፣ መመቸትና መማረክ አለበት የሚሉ አምስት መሥፈርቶችን ይዞ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በዝርዝር ይፈታል። ከእርሱ ጋር ሲተያይ ይህ መጽሐፍ ወደ መግቢያነት ያዘነብላል። መሐንዲስ በዚህ ብቻ የብስክሌት መጋጠሚያ ልሥራ ቢል ብዙ ጥያቄ ይቀረዋል። ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ለሆነች፣ ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ቦሌ ለምትወርድ ከተማ ስለ ዳገት በቂ የሚለው የለም፤ ዳገት ላይ ብስክሌተኛው ቀስ ስለሚልና ሚዛኑ ስለሚናጋ ሰፋ ያለ መስመር ያስፈልገዋል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ በፍጥነት ስለሚመጣ ከእግረኛው በደንብ ሊለይ ይገባል። ባሕር ዳርና ሐዋሳን የመሰሉ ሜዳማ ከተሞች ለብስክሌት የተፈጠሩ ናቸው ማለት ይቻላል። በባሕር ዳር ብስክሌት ለተማሪውም ለሠራተኛውም የዘወትር መጓጓዣ ሆኖ ኖሯል። ዛሬ መንገዱን ባጃጅ እየሞላው ነው፤ የለመዱትን ብስክሌተኞች ማቆየት አዲስ ከመፍጠር እጅግ ይቀላል፣ ለዚህ ግን መስመራቸው ዛሬ ተከልሎ ሊጠበቅላቸው ይገባል።

ስለ ሚኒባስ ታክሲም ልጨምር። የመጽሐፉ የሕዝብ ትራንስፖርት ክፍል ቋሚ ፌርማታ ላለው አውቶቡስና ባቡር የተመቸ ነው። «ወራጅ አለ!» ሲባል ዳር ይዞ የሚቆም ታክሲ በብስክሌት መስመሩ ላይ ከቆመ መስመሩ የለም ማለት ነው። ታክሲው የት ይቁም የሚለው ካልተነደፈ የብስክሌት መስመር የታክሲ መቆሚያ ይሆናል፤ ጥፋቱም የወያላው አይሆንም።

ከመጽሐፉ በኋላ እኛ ጋ ብዙ ነገር ሆኗል። በኅዳር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል መጠሪያ በተመረጡ ቀናት ጎዳናዎች ከመኪና ነፃ መሆን ጀመሩ፤ ሕፃናት አስፋልት ላይ ኳስ ሲጫወቱ ያየ ሰው መንገዱ የማን እንደሆነ እንደገና ያስባል። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ አገር አቀፍ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ወጣ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ በአዲስ አበባ ዋና ዋና ጎዳናዎች ላይ ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር አመጣ። ከዓመታት በፊት በወረቀት ላይ የቀሩ ልኬቶች ዛሬ ተነጥፈው ይታያሉ፤ በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ሰው ያለ ረዳት የሚሄድበት ጎዳና መገኘቱ ቀላል ነገር አይደለም፣ ሊመሰገን ይገባል።

የመጽሐፉን ትልቁን ዝምታ ያሳየኝም ይኸው ሥራ ነው። መንገዱ ሲሰፋ በዳሩ የነበሩ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ከፒያሳና ከሌሎች አሮጌ ሰፈሮች ብዙ ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። ከቤቱ ወደ ሥራው፣ ወደ ገበያው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑና ወደ መስጊዱ በእግሩ ይሄድ የነበረ ሰው ዛሬ ሁለት ሦስት ታክሲ መያዝ አለበት። ያ ሰው እግረኛ መሆኑ ቀርቷል፤ መንገዱ ለእግረኛ በተሠራበት በዚያው ጊዜ። መጽሐፉ ስለ ከርብስቶን ቁመት፣ ስለ ማቋረጫ ርቀት፣ ስለ መብራት ዑደት በቁጥር ይናገራል፤ በመንገዱ ዳር የሚኖረው ሰው ከመንገዱ መሻሻል በኋላ እዚያው መቆየቱን ግን ከመለኪያዎቹ ግንባር አያሰልፈውም። መራመድ የሚቻለው ቤትና ሥራ ሲቀራረቡ ነው። ነዋሪው ከተነሣ ያማረው ንጣፍ የሚያገለግለው ለጉብኝት የመጣውን ነው።

ይህ ሁሉ ተደማምሮ መጽሐፉን አያሳንሰውም። ከ10 ዓመት በፊት ለመንገድ ኃላፊ «የእግረኛ መንገድ ይስፋ» ማለት እንደ ልመና ይታይ ነበር፤ ዛሬ ያው ጥያቄ ልኬት፣ ሥዕልና የሌሎች ከተሞች ምስክርነት አለው። ለነዳፊዎች፣ ለምህንድስና መምህራንና ለከተማ ምክር ቤት አባላት ያለኝ ጥያቄ ግን መጽሐፉን እንዳለ እንዳይገለብጡት ነው። ልኬቱን ውሰዱ፤ ፍጥነቱን፣ ማዕዘኑን፣ ማቋረጫውን እንደተባለው ሥሩ። ክፍት ቦዩን፣ ዳገቱን፣ የሚኒባሱን መቆሚያና የጉሊቷን ቦታ ግን እናንተው ጨምሩበት፤ እያንዳንዱን መንገድ ከመንካታችሁ በፊት የሚያልፍበትን እግረኛ ቁጠሩ፤ የመንገዱ ስፋት ለማን ስንት እንደተከፋፈለ የሚያሳየውንም ሥዕል ውል ከመፈረሙ በፊት በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ለጥፉት፣ በዚያ የሚሄደው ሰው ለእርሱ ስንት ሜትር እንደተሰጠው አይቶ ሐሳቡን እንዲሰጥ።